የሙቀት ጌጁ ከታች ሲቀር፦ ሞተሩ ነው ያልሞቀው ወይስ ጌጁ ነው የሚዋሸው?

"የመኪናዬ ሙቀት ጌጅ አይወጣም። ቀስቱ ሲ ላይ ተኝቶ ይውላል። ሞተሩ አልሞቀም ማለት ጥሩ አይደል?"

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ሰው የሚደነግጠው ቀስቱ ከሲ (ቀዝቃዛ) ወደ ኤች (ሙቅ) ሲወጣ ነው። ከታች ሲቀር ግን ማንም ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው ብዬ ነው።

መልሱ አጭር ነው፦ ጥሩ አይደለም። ከታች የቀረ ቀስት ከሁለት አንዱን ይነግራችኋል። ወይ ሞተሩ የእውነት አልሞቀም፣ ወይ ጌጁ እየዋሸ ነው። ሥራው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው። ሳትለዩ ዕቃ መግዛት ከጀመራችሁ ግን ገንዘባችሁን በትናችሁ ቀስቱ እዚያው ይቀራል።

ሞተሩ የእውነት ካልሞቀ ኮምፒውተሩ "ገና ቀዝቃዛ ነው" ብሎ ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫል። የነዳጅ ወጪ ይጨምራል። ያልተቃጠለው ነዳጅና እርጥበቱ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሞተሩም ቶሎ ያልቃል። ጌጁ እየዋሸ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ነገ ሞተሩ ቢፈላ የሚነግራችሁ የለም።

ጤናማ ቀስት የት ነው የሚቆመው?

የአብዛኛው መኪና ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከ85 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ይሠራል። ቀስቱም መሃል ላይ ወይም ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከቁጥሩ በላይ የሚጠቅማችሁ ግን መኪናችሁ ደህና በነበረበት ጊዜ ቀስቱ የት ይቆም እንደነበር ማስታወስ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ቀስቱ እንዳይወዛወዝ ሆን ተብሎ ተስተካክሏል። ኩላንቱ 85 ይሁን 100 ቀስቱ መሃል ላይ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ጌጅ ዝቅ ካለ የተለወጠው ትንሽ ነገር አይደለም። ጌጅ የሌላቸውና ሞተሩ እስኪሞቅ ሰማያዊ መብራት የሚያበሩ መኪኖችም አሉ። መብራቱ አልጠፋ ካለ የምትከተሉት መንገድ ይኸው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለመኪናችሁ የሚስማማ ኩላንት
- የእጅ ጓንት፣ የእጅ ባትሪና ጨርቅ
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የብሎን ቁልፎች
- ሳይነካ በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ወይም ከመኪናው ኮምፒውተር ላይ የሚያነብ ስካነር (ከስልክ ጋር የሚሠራው ትንሹም ይበቃል)
- መልቲሜትር
- ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ኩላንቱ ወደ ራዲያተሩ እንዳይዞር የሚዘጋውን ትንሽ በር) ለመፈተሽ፦ አሮጌ ድስት፣ ክርና ውሃ ውስጥ የሚገባ ቴርሞሜትር
- ቴርሞስታት የምትቀይሩ ከሆነ አዲስ ጋስኬት (መጋጠሚያው እንዳያፈስ የሚገባው ማሸጊያ)

ማስጠንቀቂያ

የጋለ ሞተር ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ቀስቱ ሲ ላይ ቢሆንም አትክፈቱ! ጌጁ እየዋሸ ሊሆን ይችላል ብለን አይደል የጀመርነው? ውስጥ ያለው ውሃ በግፊት ስለታፈነ ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲላላ ግን በቅጽበት ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ቱቦውን በእጃችሁ ጨብጣችሁ መያዝ ካልቻላችሁ ገና ነው።

ሞተሩን አስነስታችሁ የምትፈትሹት ደጅ ላይ ይሁን። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ጭሱ ይገድላል። የራዲያተሩ ፋን ሳይታሰብ ሊነሳ ስለሚችል እጃችሁን፣ ሻርፓችሁንና የሸሚዛችሁን እጅጌ ከፋኑና ከቺንጋው አርቁ። የፈሰሰ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው። ልጆችና እንስሳት ሳይደርሱበት ጥረጉት።

ደረጃ በደረጃ

1. ጸባዩን መዝግቡ።

መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ቀስቱን ተከታተሉት። መቼ ነው የሚወርደው? ምልክቱን በትክክል ማወቅ የፍተሻውን ግማሽ ይጨርስላችኋል።

መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆሙ ቀስቱ ይወጣል፣ አውራ ጎዳና ላይ ፍጥነት ስትጨምሩ ደግሞ ይወርዳል? ይህ ክፍት የቀረ ቴርሞስታት ዋነኛ መታወቂያ ነው። ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ በሩ ስለማይዘጋም የቀዘቀዘው ውሃ ዝም ብሎ ወደ ሞተሩ ይገባል። ቀስቱ ጠዋትም ማታም ከሥሩ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ሽቦ፣ ሴንሰር (የኩላንቱን ሙቀት የሚለካው) ወይም ራሱ ጌጁ ይጠረጠራል። ድንገት ወጣ ወረድ የሚል ከሆነ ኩላንት ጎድሏል፣ አየር ገብቷል ወይም የላላ ሽቦ አለ። የነዳጅ ጌጁም አብሮ ከወደቀ ደግሞ ሞተሩን ተዉትና ዳሽቦርዱን ተመልከቱ፤ ፊውዝ ወይም ግራውንድ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው መስመር) ሊሆን ይችላል።

ናፍጣ መኪና ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ናፍጣ ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ የሚያመነጨው ሙቀት ትንሽ ነው። በብርድ ቀን ለረጅም ጊዜ ቆሞ ቀስቱ ትንሽ ቢወርድ፣ ስትነዱትም ቢመለስ ጤና ነው። ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱም እንደዚያው።

2. የኩላንቱን መጠን እዩ።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት፣ ቢቻል ጠዋት ገና ሳይነሳ። የፕላስቲኩን ማጠራቀሚያ ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ራዲያተሩ የራሱ ክዳን ካለው ክፈቱትና አፉ ድረስ መሙላቱን አረጋግጡ። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ራዲያተሩ የጎደለ መኪና ብዙ አይቻለሁ።

ይህ ደረጃ ለምን ቀደመ? ሴንሰሩ የሚለካው የተነከረበትን ነገር ነው። ኩላንቱ ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ላይ ከቀረ ሞተሩ እየተቃጠለ ጌጁ "ቀዝቃዛ ነው" ሊላችሁ ይችላል። ከታች የቀረ ቀስት ሞተር የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው። ከጎደለ ሙሉት፤ የሚያፈስበትንም ፈልጉ። ኩላንት በራሱ አያልቅም።

3. የውስጥ ማሞቂያውን ጠይቁት።

አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ንዱና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። የሚያሞቀው ያው የሞተሩ ኩላንት ስለሆነ ያለምንም ወጪ ሁለተኛ ጌጅ አገኛችሁ ማለት ነው።

የሚነፍሰው አየር እጃችሁን የሚያቃጥል ሆኖ ቀስቱ ከታች ከሆነ ጌጁ እየዋሸ ነው። አየሩ ለብ ያለ ከሆነ ሞተሩ የእውነት አልሞቀም ማለት ይቻላል። አየሩ ጭራሽ ቀዝቃዛ ሆኖ ቀስቱም ከታች ከሆነ ግን መኪናውን አቁሙና ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ኩላንቱ ሳይጎድል አይቀርም። ማሞቂያው የራሱ ችግር ሊኖረው ስለሚችል (የተደፈነ የውስጥ ራዲያተር፣ የማይከፈት የማሞቂያ በር) በዚህ ብቻ ፍርድ አትስጡ።

4. ቱቦውን በእጃችሁ ዳስሱ።

ይህን የምትሠሩት ሞተሩ ከቀዘቀዘበት ተነስታችሁ ነው። ኮፈኑን ክፈቱ፤ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ቱቦ ፈልጉ። ሞተሩን አስነሱና በየሁለት ደቂቃው ቱቦውን ነካ አድርጉት።

ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ቱቦው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። የሞተሩ ጭንቅላት ሲግል እንኳ ቱቦው ለብ ከማለት አያልፍም። ከዚያ ድንገት፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ፣ እጅ የማያስይዝ ይሆናል። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ያችን ቅጽበት አንድ ጊዜ በእጃችሁ ካገኛችኋት ሁልጊዜ ትለዩዋታላችሁ።

ቱቦው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ክፍት ነው። ወይም ጭራሽ የለም።

በአንዳንድ መኪኖች ቴርሞስታቱ የሚገኘው ከራዲያተሩ በሚመለሰው የታችኛው ቱቦ በኩል ነው። በእነዚህ ላይ የላይኛው ቱቦ ቶሎ ቢሞቅ ችግር አይደለም፤ የምትዳስሱት የታችኛውን ነው።

5. ለኩ።

እጅ ይጠቁማል፣ ቁጥር ግን ያረጋግጣል። መኪናውን ሃያ ደቂቃ ነድታችሁ ከቴርሞስታቱ ቤት አጠገብ፣ ከሞተሩ በኩል ያለውን ብረት በጨረር ቴርሞሜትሩ ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ላይ ይህ መሣሪያ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ያነባል። በቀዝቃዛው ጊዜ ብረቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ፕላስተር ለጥፉና በኋላ እሱ ላይ ለኩ።

ስካነር ካላችሁ የበለጠ ነው። ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የኩላንቱንና የሚገባውን አየር ሙቀት አነጻጽሩ። ሁለቱ በጥቂት ዲግሪ ብቻ መለያየት አለባቸው። ከዚያ እየነዳችሁ ተከታተሉ (አብሯችሁ ያለ ሰው ያንብብላችሁ)። 88 ላይ ደርሶ ቀስቱ ከታች ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው በጌጁ መስመር ነው። 60 ላይ ቆሞ ከቀረና የጨረሩ ቴርሞሜትርም ከዚያ ብዙ ካልራቀ ሞተሩ የእውነት ቀዝቃዛ ነው። ከዜሮ በታች 40 የሚል ከሆነ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ተቋርጧል።

ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ካለም አንብቡ። ፒ 0128 "ኩላንቱ ቴርሞስታቱ ከሚጠብቀው ሙቀት አልደረሰም" ማለት ነው። ፒ 0118 የሴንሰሩ ቮልቴጅ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የተቋረጠ ሽቦ ወይም የወጣ ሶኬት ነው።

አሁን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ሞተሩ የእውነት ቀዝቃዛ ከሆነ 6 እና 7ን ሥሩ። ጌጁ እየዋሸ ከሆነ ወደ 8 እለፉ።

6. ፋኑን እዩ።

ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነሱ፤ ኤሲው ጠፍቶ ይሁን። የኤሌክትሪክ ፋኑ ወዲያው ተነስቶ ካልቆመ ሪሌው (ፋኑን የሚያበራው ማብሪያ) ተጣብቋል ወይም ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ስላላመነው ለጥንቃቄ አስነስቶታል። በቺንጋ የሚዞር ፋን ከሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ በእጅ አዙሩት። ትንሽ እየከበደ መዞር አለበት። ድርቅ ካለ የፋኑ ፍሪሲዮን ተጣብቋል።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ቴርሞስታቱ በትክክል የሚዘጋ ከሆነ ፋኑ ቀኑን ሙሉ ቢዞር እንኳ ሞተሩን ያን ያህል አያቀዘቅዘውም። የሚያቀዘቅዘው ራዲያተሩን ነው፤ ቀዝቃዛው ውሃ ደግሞ በሩ ካልተከፈተ አይገባም። ስለዚህ የፋን ችግር ብታገኙም ቴርሞስታቱን ሳታዩ አትዝጉት።

7. ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ፈትሹ።

ሞተሩ ይቀዝቀዝ። ኩላንቱን በንጹሕ ዕቃ ከቴርሞስታቱ ቤት በታች እስኪሆን ድረስ ቀንሱ። ቱቦውን ተከትላችሁ ጫፉ ላይ ያለውን ቤት ፍቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ብሎን ነው። ከማውጣታችሁ በፊት አቀማመጡን በስልክ ፎቶ አንሱ።

አንድ ጊዜ እኔ ቤቱን ስከፍት ውስጡ ባዶ ነበር። የቀድሞው ባለቤት መኪናው ሲፈላበት አንድ ሰው አውጥቶ ጥሎለታል። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ሴንሰር ገዝቼ ቀይሬ ነበር። ደረጃ 4ን ዘልዬ ማለት ነው።

ቴርሞስታቱ ካለ በብርሃን ፊት ያዙት። በቀዝቃዛው ጊዜ ከትንሿ የአየር ቀዳዳ በቀር በክዳኑ ዙሪያ ብርሃን መታየት የለበትም። ብርሃን ከታየ ፍርዱ ተሰጠ፤ ድስት አያስፈልግም።

የሚዘጋ ከመሰለ ሙቀቱን ፈትሹ። ላዩ ላይ የመክፈቻ ዲግሪው ተቀርጿል፤ 82 ወይም 88 የተለመዱ ናቸው። ክዳኑን በካቻቢቴ ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ የክር ጫፍ አስነክሱትና ሙቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ በክሩ አንጠልጥሉት። የድስቱን ሥር አይንካ፤ ሥሩ ከውሃው በላይ ይግላል። ቴርሞሜትሩን አጠገቡ አድርጉና ቀስ ብላችሁ አሙቁ። ክዳኑ መከፈት ሲጀምር ክሩን ይለቅና ጠብ ይላል። ያን ጊዜ የምታነቡት ቁጥር ከተቀረጸው በሁለት ሦስት ዲግሪ ቢለይ ምንም አይደለም። በ65 ከወደቀ ግን ይጣል። ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ከመጀመሪያው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ተጨማሪ ይፈልጋል።

ከፍታ ቦታ ላይ የምትኖሩ ተጠንቀቁ። 2500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። በ88 የሚጀምር ቴርሞስታት ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ቢቀር ተበላሽቷል አትበሉ። በኤሌክትሪክ የሚታገዙት አዳዲሶቹ ከ100 በላይ የሚከፈቱ ስላሉ ይህ ፈተና ለእነሱ አይሆንም።

አዲሱን ስታስገቡ ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዞራል። የአየር ቀዳዳው ወደ ላይ ይሁን፤ ወደ ታች ከሆነ አየሩ መውጫ ያጣል። አሮጌውን ጋስኬት አልሙኒየሙን ሳትቧጭሩ ጠርጋችሁ አንሱ። ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። ትናንሽ ናቸው፤ በጉልበት ከመጣችሁ ቤቱ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ኩላንቱን ቀስ ብላችሁ ሙሉ። አየር ማስወጫ ብሎን ካለ ፈሳሽ ብቻ እስኪወጣ አላልታችሁ ያዙት። ማሞቂያውን ሙሉ ሙቀት ላይ አድርጉ፤ የውስጡ ራዲያተርም አየር ይይዛል። ሞተሩን አስነስታችሁ የላይኛው ቱቦ እስኪግል ጠብቁ።

8. ጌጁ እየዋሸ ከሆነ መስመሩን ተከተሉ።

መጀመሪያ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉና ውስጡን በባትሪ እዩ። አረንጓዴ ዝገት ካለ አጽዱትና መልሳችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

በአንዳንድ መኪኖች ላይ ሁለት ሴንሰር አለ፤ አንዱ ለኮምፒውተሩ፣ ሌላው ለጌጁ። የጌጁ ብዙ ጊዜ አንድ ሽቦ ብቻ አለው። አንድ ሽቦ ላለው የሚከተለውን ሥሩ፦ ቁልፉን ሞተር ሳይነሳ ክፈቱ፣ ሽቦውን ንቀሉና ጫፉን ለሁለት ሰከንድ ንጹሕ የሞተር ብረት አስነኩት። ቀስቱ ወደ ኤች መነሳት ከጀመረ ወዲያው አንሱ። ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ችግሩ ሴንሰሩ ነው። ቀስቱ ንቅንቅ ካላለ ፊውዙን፣ ሽቦውንና ዳሽቦርዱን ፈትሹ።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሽቦ ያለውን ሴንሰር በዚህ መንገድ አትፈትሹ። መስመሩ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በመልቲሜትር የሴንሰሩን ኦም ለኩ። የብዙዎቹ በ20 ዲግሪ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 300 ኦም አካባቢ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ። ዋናው ሲሞቅ ቁጥሩ ያለመዝለል መውረዱ ነው። ኦሙ ከመጠን በላይ ከሆነ ወይም ጭራሽ ካልተነበበ ሴንሰሩ ሞቷል።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

ትልቁ ስሕተት መኪናው ሲፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ለጊዜው ያቀዘቅዛል። የሚያፈላው ምክንያት ግን እዚያው አለ፤ እናንተም ሌላ በሽታ ጨመራችሁበት። ዝቅ ባለ ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት መግጠምም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

ሌላው፣ ሞተሩ እንዲሞቅ ራዲያተሩን በካርቶን መከለል። ቴርሞስታቱ ክፍት ከሆነ ካርቶን አይዘጋውም። ከዚያ ዳገት ሲመጣ ሞተሩ ይፈላል።

አንድ ሽቦ ያለው ሴንሰር ሲገጠም ጥርሱ ላይ ነጭ ቴፕ መጠቅለልም አለ። ይህ ሴንሰር ግራውንዱን የሚያገኘው በጥርሱ ነው። ቴፑ ከለየው አዲሱ ሴንሰርም ቀስቱን ከታች ያስቀረዋል፤ እናንተም "ሴንሰሩ ፎርጅድ ነው" ብላችሁ ሻጩን ትሳደባላችሁ።

እስኪጠገን መንዳት ይቻላል?

ሞተሩ የእውነት ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጣችሁና ኩላንቱ ሙሉ ከሆነ ለጥቂት ቀን ንዱ፤ ወር አታድርጉት። ጌጁ እየዋሸ ከሆነ ግን ረጅም መንገድ አትውጡ። የግድ ከሆነባችሁ ስካነሩን ሰክታችሁ ቁጥሩን ከስልክ ላይ እያያችሁ ሂዱ።

ከጥገናው በኋላ ኮዱን አጥፉ፤ ሃያ ደቂቃ ንዱና ቀስቱ የድሮ ቦታው ላይ መቆሙን እዩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ክዳኑን ክፈቱ። የታፈነው አየር ሌሊቱን ስለወጣ ኩላንቱ ትንሽ ወርዶ ታገኙታላችሁ። የጎደለውን ሙሉ። በሦስተኛው ቀንም አሁንም የሚጎድል ከሆነ የሚያፈስበት ቦታ አለና መጀመሪያ የቴርሞስታቱን ቤት ዙሪያ በጣታችሁ ዳስሱት።